በኮሎኔሉ ራውተር ላይ የከፈትኩት በር

ጁባ፣ መጋቢት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ዛሬ የኮሎኔል ላዶን ራውተር ልገድለው ለጥቂት ነው። የፋብሪካ ሶፍትዌሩን አውጥቼ ክፍቱን፣ በነፃ የሚታደለውን የውስጥ ሶፍትዌር፣ ፈርምዌር የሚሉትን፣ እየጫንኩበት ሳለ ጄኔሬተሩ መንተፋተፍ ጀመረ። ጭነቱ ሳያልቅ መብራት ከሄደ ሳጥኑ አለቀለት፤ ከዚያ በኋላ በር ማስያዣ ነው። «ሸረፍ! እንዳይጠፋ! በፈጠረህ!» ብዬ ጮህኩ።

ሸረፈዲን ከሱቄ ጎን ባለችው ኮንቴይነር የስልክ ካርድ የሚሸጥ የዳርፉር ሰው ነው። መብራቴን የቀጠልኩት ከሱ ጄኔሬተር ነው። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ያ ኡክቲ» አለኝ፤ ችግር የለም እህቴ ማለቱ ነው። ከዚያ ከራሱ ሞተር ሳይክል ቤንዚን ቀዳና ጨመረበት። ቤንዚን እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት በዚህ ሰሞን! እኔ ሳጥኑ ላይ እጄን ጭኜ እየጸለይኩ ነበር። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ሳልጸልይ የጫንኩት ቀን ነው የሚበላሽብኝ።

ኮሎኔሉ የፈለገው ዋየርለሱ እስከ ጓሮው ማንጎ ዛፍ እንዲደርስለት ነው፤ አዲሱ ፈርምዌር ያን ያደርጋል። በወጣትነቱ እኛ አገር፣ ኢታንግ ስደተኞች ሰፈር ስለኖረ አማርኛ ይችላል፤ ችግሩ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። ቤቱ ወስጄ ስገጥምለት «አንተ ጎበዝ እህት ነህ» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት።

አንድ ነገር ደግሞ አድርጌያለሁ። ኤልሳቤጥ ከኮሎኔሉ ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ የቤት ጸሎት ህብረታችንም የሚሰበሰበው እሷ ዘንድ ነው። ልጇ ማህደር አዲስ አበባ እህቷ ጋ ናት፤ ፊቷን ካየች ዓመት አልፏታል። «ፀዳለዬ፣ ባንቺ ይሁንብኝ፣ አንዴ ብቻ በስካይፕ ልያት» ብላ ስትለማመጠኝ ከረመች። አዲሱ ፈርምዌር ከአንድ ሳጥን ሁለት ኔትወርክ ማውጣት ይችላል። ሁለተኛውን ስሙ እንዳይታይ አድርጌ ከፈትኩላት። ኮሎኔሉ አያውቅም። ሌብነት ነው? ሌብነት እንኳን አይባልም። ጣራው ላይ ያ የሚያህል ዲሽ ተክሎ ማታ ማታ ኳስ ነው የሚያይበት።

መጋቢት 19

ኤልሳቤጥ ልጇን አየቻት። «የፊት ጥርሷ ወልቋል!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። የይለፍ ቃሉን ለማንም ነፍስ እንዳትሰጪ አልኳት። «ውይ፣ ምን በወጣኝ!» አለች።

ምን ያስፈራኛል? አንዲት እናት ናት።

መጋቢት 30፣ ሆሳዕና

ከህብረት በኋላ ወንድም ወርቁን፣ ቲኬት ቢሮ የሚሠራውን፣ የኮሎኔሉን ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ስብከት እያወረድኩ ነው እህት ፀዳለ።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠህ?»

«እህት ኤልሳ ናታ! በረከት ተሸሽጎ አይበላም ብላ ለሁላችንም አካፈለችን።»

ለሁላችን! ቀና ብዬ ባይ ግቢው ሙሉ አቀርቅሯል። እኛ አበሾች ምን ብንሆን ይሻለናል? ያገኘነውን ካልቆረስን አይጥመንም። ዳቦ መሰላቸው እኮ። እዚያው ቁጭ ብዬ ልዘጋው ላፕቶፔን አውጥቼ ነበር። ፋሲካ ደርሷል፣ የበዓል መዝሙር አውርደው ይጨርሱ አልኩና መልሼ ከተትኩት። ከበዓል በኋላ እዘጋዋለሁ።

ሚያዝያ 3

ከካርቱም ጋር ድንበር ላይ ጦርነት ነው። የነዳጁን ቦታ ያዝን ብለው ከተማው ይጨፍራል፣ ጥሩምባ በጥሩምባ ሆኗል። ሸረፍ የኮንቴይነሩን በር ግማሽ ዘግቶ ነው የዋለው። ዳርፉር ሆነ ካርቱም፣ እዚህ ለሚጮኸው ሰው ሁሉም አንድ «ጀላባ» ነው፤ የሰሜን ነጋዴ።

ኮሎኔሉ ደወለ። «ኢንተርኔት ይተኛል። ቤቴ ውስጥ ሰው አለ። ነገ ና።»

ቤቴ ውስጥ ሰው አለ። ስልኩን ዘግቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ 4

ሁሉንም ልጻፈው።

በሩ ላይ ወታደሮች ነበሩ። ማንጎ ቆርቆሮው ላይ በወደቀ ቁጥር ልቤ አብሮ ይወድቃል። ኮሎኔሉ በአውራ ጣቱ ሳጥኑን አሳየኝ። «እህቴ፣ አንተ ይሄን ታውቃለህ። ማነው ከኔ የሚጠጣ? ጃሱስ ነው?» አለኝ። ጃሱስ ሰላይ ነው። በዚህ ሳምንት ጁባ ውስጥ ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው የት እንደሚደርስ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። በሳጥኑ የገባ ሁሉ የስልኩን ስም ጥሎ ነው የሚሄደው። ተደርድረዋል፦ ኤልሳቤጥ፣ ወርቁ፣ አንዱማ ስልኩን «ጸጋው ይበቃኛል» ብሎ ሰይሞታል። ኮሎኔሉ ትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ይተነፍሳል። መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ፈልጎ አጣው። ጌታ ሆይ፣ መነጽሩን ስላጣ አመሰገንኩህ።

«የተጻፈው ምንድነው?»

«ይሄ... የማሽን ቋንቋ ነው ጌታዬ። ሰላይ አይደለም። ሲግናሉ ግድግዳውን እያለፈ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰው ሳያውቅም ሊይዘው ይችላል።»

«ወደ የት ይወጣል?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። በየአቅጣጫው ነው ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱም እሱ ነው። እኔ ግን «ወደዚያ በኩል ይበዛል» አልኩና በአገጬ አሳየሁት።

ወደዚያ በኩል፣ ከግቢው አጥር ማዶ፣ ያለው የሸረፍ ኮንቴይነር ነው። ግን እኔ ሸረፈዲን አላልኩም። ወደዚያ ያልኩት አንቴናው ወደዚያ ስለዞረ ነው። በሌላው በኩል ኤልሳቤጥ ናት፣ ህብረቱ ነው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ነው፤ ወደነሱ ልጠቁም ኖሯል?

ኮሎኔሉ ቀስ ብሎ «ጀላባው» አለ። ቀጥሎም «ካላስ» አለ፣ በቃ ማለት ነው፤ ሻይ እንዲሰጡኝ አዘዘ። ጠጣሁት። ስኳሩ ብዙ ነበር።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ እኮ ካፌም አላወጣሁትም፤ በአገጬ ነው።

ሚያዝያ 5

ሥራ በዝቷል። የአንድ ኤንጂኦ ራውተሮች፣ ሁሉም ዛሬ ይድረሱ ተብሎ። ሸረፍ ሳልጠይቀው ጄኔሬተሩን አቆየልኝ። «ጨረሽ? ላጥፋ?» ይላል በየመሃሉ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ስም አልጠራሁም። ስም አልጠራሁም።

ሚያዝያ 7፣ ፋሲካ

ኤልሳቤጥ ቤት ዶሮውን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ኤልሳቤጥን ወደ ጓዳ ሳብኳትና ነገርኳት፤ ኮሎኔሉ ነቅቷል፣ ሁላችሁም ተዉት አልኳት። ስለ አገጬ አልነገርኳትም። «አትፍሪ፣ ጌታ ይሸፍነናል» አለችኝ። እኛን ይሸፍነን ይሆናል። የማይሸፈነውስ ሰው?

እዚያው እሷ ሳሎን ሆኜ ልዘጋው እችል ነበር። በበዓል ቀን ልጇን ታናግራት ብዬ ተውኩት። አሁን ሳስበው ለኤልሳቤጥ አዝኜ አይደለም። ከዘጋሁት አንድ ነገር እንደነበረ ማመን ይሆንብኛል ብዬ ነው።

ሚያዝያ 9

ጠዋት ሸረፍን ወሰዱት።

ታርጋ የሌለው መኪና። ሰዎቹ አልጮሁም፣ አልመቱትም፤ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ነው ያስገቡት። በሱቄ በር ሲያልፍ «ያ ኡክቲ፣ ሞተሩ ይሥራ፣ የሰው ስልክ ቻርጅ ላይ ነው» አለኝ። እንደሚመለስ እርግጠኛ ነበር። እሺ አልኩት። ነዳጁ እስኪያልቅ ሠራ። ከዚያ ባለ ስልኮቹ እየመጡ ስልካቸውን ከሶኬቱ እየነቀሉ ሄዱ፤ አንዳቸውም የት ሄደ ብለው አልጠየቁኝም።

እኔ ምን አደረግሁ? ኤልሳቤጥ ቤት ሮጥኩ። በግድግዳው በኩል በዋየርለስ የኮሎኔሉ ሳጥን ውስጥ ገብቼ ክፍቱን ፈርምዌር አነሳሁና የፋብሪካውን መልሼ ጫንኩበት። በአየር ላይ መጫን እብደት ነው፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ ሳጥኑ ይሞትና ኮሎኔሉ ወዲያው ይጠራኛል። አልተቋረጠም። የኔትወርኩን ስምና የይለፍ ቃል እንደነበረ አደረግሁለት። የተደበቀው በር የለም። የማንም ስም የለም። ኤልሳቤጥ «አሁን እፎይ በይ» አለችኝ።

እፎይ አልኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ እፎይ ብዬ ነበር።

ሚያዝያ 11

ረፊቅ መጣ፤ የሸረፍ ወንድም፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው። ቆሞ ነው ያወራው፣ ቁጭ በል ብለው እንቢ አለ።

«ወንድሜ በኮሎኔሉ መስመር ወደ ካርቱም ወሬ ይልካል ብለው ነው የያዙት። አንቺ ሳጥኑን ታውቂያለሽ። የገባ ሁሉ ስሙን ጥሎ ይሄዳል ብለሽ ለሸረፍ ነግረሽው ነበር አሉ። የሱ ስልክ እዚያ ውስጥ እንደሌለ አሳዪያቸው። ሌላ ምንም አንጠይቅሽም።»

 ለካ ያ የጠረግሁት ነገር ነው ሸረፍን የሚያወጣው! ራሴን ሳወጣ እሱን ቆለፍኩበት።

«ጠፍቷል» አልኩት።

«ማን አጠፋው?»

«መብራት ሲሄድ በራሱ ይጠፋል።»

ይሄ ውሸት አይደለም። መብራት ሲሄድ በራሱ ይጠፋል። ረፊቅ ግንባሩን በመዳፉ ጠርጎ «ሹክራን» አለኝ። አመሰገነኝ እኮ!

ሚያዝያ 13

ባሌ ሞገስ ከቦር ከተማ ደወለ። የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ሲወጣ ነው የሚደውለው። ሁሉንም ነገርኩት፤ አገጩንም።  በኋላ «ሆድ ይፍጀው። የሰው አገር ነው ያለነው። ነግ ካገር ቢያስወጡን የኔም እንጀራ ነው የሚዘጋው» አለኝ።

ሚኒባስ ውስጥ አንዷ ሴትዮ ስለ ሸረፍ ታወራ ነበር። «እዚያ ንያኩሮን ሰፈር የያዙት ጀላባ እኮ በግድግዳ የሚያዳምጥ መሣሪያ ነበረው» አለች። ሹፌሩ «በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ! ምኑን ነው ያየው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ «ወራጅ አለ» ብዬ ከመድረሻዬ በፊት ወረድኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቴ። እኔ የፈራሁት በሰው ላይ ነው የደረሰው። ለዚህስ ምን ተብሎ ይተረታል?

ሚያዝያ 17

ኮንቴይነሩ ተዘግቶ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ትናንት ረፊቅን ገበያ ውስጥ ሳየው በሌላ መንገድ ዞርኩ። ዛሬ ጠዋት ተነስቼ፣ ሳልጸልይ፣ ላፕቶፔን ይዤ ኮሎኔሉ ቤት ሄድኩ። ከጸለይኩ ሐሳቤን እቀይራለሁ ብዬ ፈራሁ።

ማንጎው ሥር ተቀምጦ ነበር። «ሸረፈዲን አልገባም። በርህን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ሌላ ሌላውን ሁሉ ተናገርኩ፣ ከኤልሳቤጥና ከህብረቱ በቀር።

ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። «እናንተ ሐበሻ ልባችሁ ቅቤ ነው። ኢታንግ ስራብ አንዲት ሐበሻ ናት ያበላችኝ፤ ልጆቿ እያለቀሱ ለኔ ሰጠችኝ። አንተም ለጀላባው አዘንክ። ግን ስማ፣ እሱ ከተያዘ ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት እንደ ጥይት ነው። ሌላ ምስክር ትፈልጋለህ?»

እንደ ጥይት የሆነው እኔ በሩን ስለዘጋሁት ነው! ሸረፍን የወሰዱ ዕለት ዘግቼው የሱን ጥፋት ያረጋገጥኩት እኔው ነኝ። እውነቱን ብናገር የማልታመን ሆኛለሁ።

«ላሳይህ» አልኩት። «ከፈቀድክልኝ እዚሁ ፊትህ ላሳይህ።»

ትከሻውን ነቀነቀ። ሳሎን ገባን። ክፍቱን ፈርምዌር እንደገና ጫንኩ። በግቢው ጄኔሬተር ነበር የምንሠራው፤ ወታደሩ ነዳጅ ሊያልቅ ነው ሲል ሰማሁት። እጄን ሳጥኑ ላይ መጫን አልደፈርኩም። የጭነቱ መስመር በስክሪኑ ላይ ሲጎተት ስንት ዘመን እንደፈጀ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። አለፈ። የተደበቀውን ኔትወርክ ከፈትኩ፤ በአዲስ ስምና በአዲስ የይለፍ ቃል። በድሮው ብከፍተው የነወርቁ ስልኮች ከግድግዳው ማዶ በራሳቸው ይገቡና ስማቸው ፊቱ ላይ ይደረደራል። በመጨረሻ የራሱን ስልክ በዚያ አስገባሁለት። መነጽሩን አደረገ። ዛሬ መነጽሩ ነበረው።

ስልኩን አየ፣ ሳጥኑን አየ። ከዚያ «ስለዚህ በዚህ የገባ ማነው?» አለኝ።

«እኔ።»

«አንተ ብቻ?»

«እኔ ብቻ። ሸረፈዲን በሩ መኖሩንም አያውቅም።»

«ያን ቀን ግን በአገጭህ ወደሱ አሳየኸኝ።»

«አንቴናው ወደዚያ ዞሮ...»

«እህቴ» አለኝ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እኔ ጫካ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አገጭ አውቃለሁ።»

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደድኩ። «ሰውዬው ይወጣል። የጠቆመውን ሰው ስም አልነግረውም፣ ላበላችኝ ሴትዮ ስል። አንተ ግን በየቤቱ ትገባለህ፣ በየሳጥኑ ታያለህ። አንዳንድ ጊዜ እየመጣህ ሻይ እንጠጣለን፤ ያየኸውን ታጫውተኛለህ።»

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። ሻይ መጣ፣ ጠጣሁ።

ሚያዝያ 20

ሸረፍ ተፈታ አሉ፤ ስለሱ ልማልድ ኮሎኔሉ ቤት መግባቴንም ሰፈሩ ከወታደሮቹ ሰምቷል። ወንድሙ ቤት ነው። ልሄድ ተነስቼ ሁለቴ ጫማዬን አደረግሁ፣ ሁለቴም አወለቅኩ።

ኤልሳቤጥ በህብረት ምስክርነት ስጪ፣ ጌታ በአንቺ የሠራውን ተናገሪ አለችኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ።

ሚያዝያ 24

ኮሎኔሉ ወታደር ልኮ ለሻይ ጠራኝ። በዚህ ሳምንት የማን ቤት እንደሠራሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ያወራሁት ስለ ሥራዬ ብቻ ነው፤ የማን ቤት እንደገባሁ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ረጃፍ መንገድ ላይ ስላለው አስተማሪ ቤት ሲጠይቀኝ ግን ራውተሩ አሮጌ ነው ብቻ አልኩ። በሌሊት ብዙ እንደሚጠቀም አልነገርኩትም። «ሌሊት ብዙ ነው የሚጠቀመው?» ሲለኝ ብቻ ነው ዝም ያልኩት።

ለምን ዝም አልኩ? አይጠቀምም ብል ምን ነበረበት?

ሚያዝያ 28

ዛሬ ሸረፍ ሱቄ መጣ።

ከስቷል። ግራ እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ ይዞታል፣ ጣቶቹ አይዘረጉም። ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ኮንቴይነሩን ሸጧል፤ ነገ በአውቶቡስ ወደ ካምፓላ ይሄዳል። ጄኔሬተሩን በደህናው እጁ እየጎተተ አምጥቶ በሬ ላይ አቆመው።

«ያንቺ ነው» አለኝ። «ኮሎኔሉ ጋ ብቻሽን ገብተሽ የቆምሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ረፊቅ ነገረኝ። የገዛ አገሬ ሰዎች ፈርተው ደጄን አልረገጡም። አንቺ ሴት ሆነሽ፣ የሰው አገር ሰው ሆነሽ...» ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ የላፕቶፑን ገመድ ጣቴ ላይ እጠመጥማለሁ፣ እፈታለሁ።

«አልቀበልህም፣ ውሰደው» አልኩት።

«ወላሂ፣ ትቀበይኛለሽ።»

ሄዶ በሩ ላይ ሲደርስ ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እዚያ ሳለሁ አንድ ነገር ነገሩኝ። ሰው ነው ወደኔ የጠቆመው አሉኝ፣ የዚህ ሰፈር ሰው። አንቺ የሁሉንም ቤት ታውቂያለሽ። ማን ይመስልሻል?»

አሁን ነበር። በሩ ላይ እሱና እኔ ብቻ ነን፣ ነገ ይሄዳል፣ ምንም አያደርገኝም። ኮሎኔሉ ፊት የተናገርኩትን ለሱ መናገር ምን ያቅታል? አፌን ከፈትኩ። ዓይኑን አየሁት፤ ያ እምነት።

«አላውቅም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። በደህናው እጁ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

«እንግዲያው ተጠንቀቂ ያ ኡክቲ። ያ ሰው አሁንም እዚሁ ነው ያለው። ነገ አንቺንም ይጠቁምሻል።»

እጠነቀቃለሁ አልኩት።